ሳንቃውና ነፍሱ

ሰው በገዛ እጁ በሠራው ነገር ላይ ያለውን ጉድለት ከራሱ በቀር ማንም ሳያውቅበት ቢቀር፣ ጉድለቱም በማንም ላይ ጉዳት ሳያደርስ ቢያልፍ፣ ያ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ደረሶች ለክርክር የሚያነሱት ርዕስ ይመስል ይሆናል። እኔን ያገኘኝ ግን ኪታብ ዘርግቼ በተቀመጥኩበት አልነበረም። በምንኖርበት በሲያትል ከተማ፣ መኪና በምናቆምባት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ፣ እጄ በሙጫ ተለውሶ ሳለ ነው ያገኘኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው የእንጨት ጀልባ እንድንሠራ ጠየቀኝ። ሲያትል በሐይቅና በባሕር መካከል የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች በጓደኞቹ ዘንድ የጀልባ ወሬ ብርቅ አይደለም። ጎረቤታችን ደግሞ ዕድሜያቸውን በጀልባ አናጢነት ያሳለፉ አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። አባቴ በደሴ ከተማ በርና መስኮት፣ ሣጥንና አልጋ የሚሠሩ አናጢ እንደነበሩ ስነግራቸው፣ እንግዲያውስ ምን ትፈራለህ ብለው አደፋፈሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ ላይ መኪናዬን ደጅ አውጥቼ ሥራውን ጀመርን። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ከውሃ ርቃ በቤት ውስጥ የምትሠራውን ጀልባ እያዩ ፈገግ ይላሉ። ቁርኣን ስለ ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ሲተርክ መርከቧን በሚሠሩበት ጊዜ በአጠገባቸው የሚያልፉ የሕዝባቸው ታላላቆች ያላግጡባቸው እንደነበር ያወሳናልና፣ እኔም ይህን ለልጄ እየነገርኩት እንስቅ ነበር።

አሠራሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ በልክ ይቆረጣል። ኮምፔንሳቶው ተራ ዓይነት መሆን የለበትም፤ በመካከለኛ ድርቦቹ ውስጥ ባዶ ቀዳዳ የሌለበትና ውሃ በማይፈታው ሙጫ የተጣበቀ ሊሆን ይገባል። አንዱ ጣውላ ለጀልባዋ ርዝመት ስለማይበቃ ሁለቱ ጫፎች እንደ ሽብልቅ በመላጊያ ሰያፍ ሆነው ይላጉና አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶ ይጣበቃል። የሰያፉ ርዝመት የጣውላውን ውፍረት ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስድስት ሚሊ ሜትር ለሆነው አርባ ስምንት ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ በጣውላዎቹ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሱና ጠርዝና ጠርዙ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል። ጠፍጣፋ የነበረው እንጨት ሽቦው ሲጠብቅ እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ የጀልባ ቅርጽ ይይዛል። ስፌቱ በኢፖክሲ ሙጫና በእንጨት ዱቄት ተሞልቶ በላዩ የፋይበርግላስ ጨርቅ ይለበጣል፤ ጨርቁም እንደገና ሙጫ ይጠጣል። ይህን ዘዴ በቤታቸው ለሚሠሩ ሰዎች በሰፊው ያስተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበችው «ሚረር» የተባለች ትንሽ ጀልባ ስትሆን፣ ስሟን ያገኘችው ካሠራት ጋዜጣ ነው። ከ70 ሺህ በላይ ተሠርታለች።

ይሁን እንጂ ጣውላን መስፋት የትናንት ፈጠራ አይደለም። የሕንድ ውቅያኖስና የቀይ ባሕር ሙስሊም መርከበኞች ለብዙ መቶ ዓመታት የተጓዙባቸው መርከቦች ሳንቃቸው በምስማር ያልተመታ፣ ከኮኮናት ልጣጭ በተፈተለ ገመድ የተሰፋ ነበር። ኦማን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 በዚሁ ጥንታዊ ዘዴ የተሠራችው «ሶሐር» የተባለች መርከብ እስከ ቻይና ተጉዛለች። ስለዚህ እኔና ልጄ በመዳብ ሽቦ ስንሰፋ የአያቶቻችንን ጎረቤቶች ሙያ በሌላ መልክ እየደገምን ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሾች በመጠን ተለክተው ሲደባለቁ የሚጠነክር ሙጫ ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት ባለበት ሲደርቅ ግን በላዩ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ቅባት ያወጣል። ይህ ቅባት በውሃ ታጥቦ፣ ገጹም በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ካልጠራ በቀር በላዩ የሚደረበው ሙጫና ጨርቅ አይያያዝም። ለዓይን ግን የተያያዘ ይመስላል። ቀለም ከተቀባ በኋላማ ባለሙያም ቢሆን ዐይቶ አይለየውም።

እ.ኤ.አ. የ2024 ዒደል አድሐ ጁን 16 ቀን ላይ ዋለ። ከዒዱ በኋላ ባለው ሳምንት ጀልባዋን ውሃ ላይ ልናወርዳት ለልጄ ቃል ገብቼለታለሁ። በመስጊድ የተዋወቀው የቅርብ ጓደኛው ቤተሰቦች በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ግዛት ሊሄዱ ጓዛቸውን እየሸከፉ ስለነበር ያም ልጅ የመጀመሪያው ተሳፋሪ እንደሚሆን ተነግሮታል። እኔ ደግሞ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ፤ ለጀልባዋ የምሰጠው ጊዜ ከእንቅልፌ የምቆርሰውን ነው። በግንቦት መጨረሻ አንድ ዝናባማ ማለዳ ከሥራ ገብቼ የውጭውን ሁለት ስፌት ጨርቅ ላለብስ ስዘጋጅ ጣቴን በስፌቱ ላይ አሳለፍኩ። ሳሙናው ያልለቀቀ ሰሃን ይመስል አሟለጨኝ። ማጠብ፣ ማድረቅና መፈተግ ያን ቀን ሙሉ ይፈጃል። ዐወቅኩት፤ ግን እንዳላወቀ ሆንኩ። ጨርቁን አለበስኩ፣ ሙጫውን አጠጣሁ፣ ከቀናት በኋላም ስቱኮ አድርጌ ቀለም ቀባሁት።

ነፍስ ለባለቤቷ ጥሩ ጠበቃ ናት። የኔም አራት መከራከሪያ አቀረበችልኝ። አንደኛ፣ ምናልባት ይይዛል። ሁለተኛ፣ ሐይቁ የረጋ ነው፣ ከዳርቻው አንርቅም፣ ልጆቹም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይለብሳሉ። ሦስተኛ፣ ጀልባዋ የራሴ ናት፤ እኔም አብሬ እሳፈራለሁ፤ ማንን በደልኩ? አራተኛ፣ ጠባቂው አላህ ነው። ከአራቱ አንዱም ቢሆን ፍጹም ውሸት አለመሆኑን አስተውሉ። ሰው ራሱን የሚያታልለው ብዙ ጊዜ በውሸት ሳይሆን ያለቦታው በገባ እውነት ነው።

ቀለሙ በደረቀ ማግስት ጎረቤታችን መጡ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አድርገው ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ዳበሷትና፣ እኔም ብሠራት ከዚህ አላሳምራትም አሉኝ። ልጄ በኩራት ቀና ብሎ አየኝ። በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ምስጋና ያሳፈረኝ ግን የለም። ያን ሌሊት በሥራ ላይ ሳለሁ ከዓመታት በፊት ያነበብኩት የአንድ መንገደኛ ማስታወሻ ትዝ አለኝ።

ኢብን ጁበይር የአንደሉስ ሰው ነው። ለሐጅ ከግራናዳ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1183 ነበር። በዚያው ዓመት በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ዛሬ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ በነበረችው በዐይዛብ ወደብ በኩል ወደ ጅዳ ተሻገረ። በወደቡ ያያቸውን ጀልባዎች አሠራር በዝርዝር ጽፏል፤ አንድም ምስማር ያልነካቸው፣ በኮኮናት ገመድ የተሰፉ፣ በቅቤ ወይም በጉሎ ዘይት አለዚያም ከሁሉ በሚመረጠው በሻርክ ዘይት የሚቀቡ ነበሩ። ከአሠራሩ ይልቅ በልቤ የቀረው ግን ስለ ጀልባዎቹ ባለቤቶች የጻፈው ነው። የጀልባቸውን ዋጋ በአንድ ጉዞ ለማስመለስ ሲሉ ሐጃጆቹን አንዱን በሌላው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ይጭኗቸዋል። እነርሱ የሚጠየቁት ስለ ሳንቃው ብቻ እንደሆነ፣ ነፍሱን የመጠበቁ ነገር ግን የሐጃጁ የራሱ ጉዳይ እንደሆነም እንደ ተረት ይናገሩ እንደነበር ይነግረናል።

ሳንቃውንና ነፍሱን መለያየት! ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ፈሊጥ ዛሬም በዚያው ባሕር ላይ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2025 (ሐምሌ 27 ቀን 2017) ከ150 በላይ ሰዎችን ያሳፈረች ጀልባ በየመን አብየን ጠረፍ ተገልብጣ ከ60 በላይ ነፍስ ጠፍቷል። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከመካከላችን በዚህ መንገድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላጣ ስንት ሰው ይኖራል? በዚያ ባሕር ሰው ለማሻገር ዋጋ የሚቀበለው ደላላ ሒሳቡ ከዐይዛብ ባለ ጀልባዎች ሒሳብ የተለየ አይደለም። እኔም እነዚህን ሰዎች ስረግም ኖሬያለሁ። ያን ሌሊት ግን ራሴን ጠየቅኩ፤ እነርሱ ለገንዘብ ያደረጉትን እኔ ለአንድ ቀን እንቅልፍና ለአንድ ልጅ ፈገግታ ስል አላደረግኩትምን? ልዩነታችን በመጠኑ ሰፊ ነው፤ በዓይነቱ ግን አንድ ነው። እኔም ሳንቃውን አሳምሬ ነፍሱን ለዕድል ትቼዋለሁ።

አቡ ሁረይራ ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ በአንባቢያን ዘንድ የታወቀ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲሰዱ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ሻጩን ምንነቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት የረጠበውን ለምን በላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። እንግዲህ እናስተውል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እህሉ ለምን ረጠበ ብለው አልገሠጹትም። ዝናቡ ከአላህ የመጣ ነው፤ በሰው እጅ አይደለም። የተወቀሰው የረጠበው እህል ከሥር በመሆኑ ነው። ጉድለትና ድብቅ ጉድለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ አጉልቶ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። የሲያትል ቅዝቃዜ ሙጫዬ ላይ ቅባት ማውጣቱ ዝናቡ ነው። በላዩ ጨርቅ ማልበሴና ቀለም መቀባቴ ደግሞ ክምሩን መገልበጤ ነው።

ነገር ግን ከመግቢያው ጥያቄ ገና አልወጣንም። ስፌቱ ቢይዝስ? ጀልባዋ ሃያ ዓመት ብታገለግልስ? ዊልያም ክሊፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብና የፍልስፍና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ በመርከብ ምሳሌ አንሥቶታል። አንድ ባለ መርከብ ስደተኞች አሳፍሮ ሊልክ ነው። መርከቧ ያረጀች፣ ብዙ ጊዜ የተጠጋገነች መሆኗን ያውቃል፤ ሐሳቡም ይረብሸዋል። ሆኖም ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ በሰላም እንደተመለሰች ያስባል፤ የተሻለ ኑሮ ፍለጋ የሚሰደዱትን እነዚህን ቤተሰቦች ፈጣሪ እንደሚጠብቃቸው ለራሱ እየነገረ ጥርጣሬውን ያፍነዋል። መጨረሻ ላይ መርከቧ ደህና መሆኗን ከልቡ ያምናል። መርከቧ ከነሰዎቿ ብትሰምጥ ይህ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ማንም ይፈርዳል። ክሊፎርድ ግን ጥያቄውን ቀጠለ፤ በሰላም ብትደርስስ? መልሱም በሰላም መድረሷ ጥፋቱን ቅንጣት እንደማይቀንሰው፣ ሰውየው ንጹሕ ሳይሆን ያልተነቃበት ብቻ እንደሆነ ነው። ክሊፎርድ ከሃይማኖት ጋር ብዙ ያልተስማማ ሰው ነበር። በዚህ ነገር ግን ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ከሚያምነው ሙስሊም ጋር የሚገናኝ ይመስለኛል።

ይህን በቃል ከማመን አልፌ በእጄ የዳሰስኩት በማግስቱ ነው። ጎረቤታችንን ጠርቼ ያደረግኩትን ነገርኳቸው። ልጄም አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። አዛውንቱ አልተቆጡም፤ አላጽናኑኝም። ወደ ቤታቸው ገብተው መሮ ይዘው ተመለሱና የመሮውን ጫፍ በግራው ስፌት ጨርቅ ሥር ሰደዱ። ጨርቁ ከነቀለሙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ክንድ ያህል ተገፎ መጣ። ወደ ቀኙ ስፌት ዞሩ። በዚህ ግን መሮው አልገባም፤ በመዶሻ እየመቱ እንኳ ጨርቁ ከእንጨቱ ጋር ተገነጠለ እንጂ አልተላጠም። ለምን አንዱ ያዘ፣ አንዱ ለቀቀ? ምናልባት በቀኝ በኩል ቅባቱ ስስ ኖሮ ይሆናል። እኔ ግን ሁለቱን በአንድ ማለዳ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ልብ ነበር ያደረግኳቸው። በግራው ስፌት ጥፋተኛ፣ በቀኙ ንጹሕ ነኝ ልበል? እንዲያ ካልኩ የሚመዘነው ሥራዬ መሆኑ ቀርቶ የዚያን ቀን አየር ሊሆን ነው። የያዘው ስፌት የአላህ እዝነት ነው፤ የእኔ ታማኝነት ምስክር ግን ሊሆን አይችልም።

ከዚህ በኋላ የነፍሴን መከራከሪያዎች አንድ በአንድ መመለስ አልከበደኝም። ጀልባዋ የራሴ ናት ላልኩት፣ ኑዕማን ኢብን በሺር ያስተላለፉትና ቡኻሪ የዘገቡት የሁለት ፎቅ መርከብ ምሳሌ በቂ ነው። ከታች ያሉት ሰዎች በራሳቸው ድርሻ ላይ ቀዳዳ ለመክፈት ቢነሱና የላይኞቹ ዝም ቢሏቸው ውሃው የአንዱን ድርሻ ከሌላው ሳይለይ ሁሉንም ያሰምጣል። ጠባቂው አላህ ነው ላልኩት ደግሞ ግመሉን መጀመሪያ አስሮ ከዚያ በአላህ እንዲመካ የታዘዘው ሰው ነገር መልስ ይሰጣል። ያላጠበ ሰው ተወኩል ያልታሰረ ግመል ነው።

አንዳንድ አንባቢ፣ እንዲህ ከሆነማ ማን ጀልባ ይሠራል? ማን ቤት ይገነባል? ማንስ መድኃኒት ያድላል? ይል ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ፍጹም ሥራ የአላህ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሰያፍ መጋጠሚያዬ ተጣሞ ሁለቴ ደግሜዋለሁ፤ በጀልባዋ ውስጥ ዛሬም ድረስ የማላውቀው ጉድለት እንደማይጠፋ አልጠራጠርም። በዚህ እየተሸበረ ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው በውስዋስ ተይዟል። ውዱኡን አሥር ጊዜ እንደሚደጋግም ሰው ከሥራውም ከዒባዳውም ሳይሆን ይቀራል። እኔ የምለው ከዚህ የተለየ ነው። ለማናውቀው ጉድለት የሚገባን መጠንቀቅና ባለሙያ ማሳየት ነው፤ ያወቅነውን ጉድለት ግን ወይ እናርመዋለን፣ ወይ ለተሳፋሪው እንነግረዋለን። ሦስተኛ መንገድ የለም። ራሴን የምፈትንበት ጥያቄም ቀላል ሆኖልኛል፤ ይህን ነገር ለሚሳፈረው ሰው ፊት ለፊት ልነግረው እችላለሁን? ምላሴ ከተያዘ ሥራዬ አላለቀም።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ሁለቱንም ስፌት እስከ እንጨቱ ልጠን፣ አጥበን፣ አድርቀን፣ ፈትገን እንደገና እስክናለብስ ሰባት ሳምንት ሄደ። የልጄ ጓደኛ ጀልባዋን በጋራዥ ውስጥ እንዳለች ተሰናብቷት ከቤተሰቡ ጋር ሄደ። ልጄ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን የብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣና ዝም ብሎ ከጎኔ መፈተግ ጀመረ። ቆየት ብሎ፣ «አባ፣ ባትነግረን ኖሮ እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አለኝ። የወቀሰኝ ይሁን ያመሰገነኝ ዛሬም አልለየሁትም። «አዎ፣ ማንም አያውቅም ነበር» ብዬ መለስኩለት። ሁለታችንም «ማንም» ስንል ማንን እንዳላካተትን ገብቶን ነበር።

ያኔ አባቴ ትዝ አሉኝ። በልጅነቴ ለሰፈራችን መስጊድ የጀናዛ ቃሬዛ ያለ ዋጋ ሲሠሩ አይቻለሁ። ቃሬዛ የሚሳፈርበት ሰው ስለ ሥራው ጥራት አፍ አውጥቶ የማይናገርበት ዕቃ ነው። አባቴ ግን ሠርተው ሲጨርሱ ራሳቸው ተኙበትና አራት ጎረምሶች ተሸክመው በግቢው ሦስት ጊዜ እንዲያዞሯቸው አደረጉ። ሴቶቹ ሟርት ነው ብለው ጮኹባቸው። እርሳቸው ከቃሬዛው ወርደው አንዱን እግር እንደገና አጠበቁት። በዚያ ዕድሜዬ ነገሩ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ጀልባዋ በኦገስት ወር ውሃ ላይ ወረደች። መጀመሪያ ብቻዬን ተሳፍሬ ከዳርቻው ሳልርቅ ግማሽ ሰዓት ቀዘፍኩ፤ ስፌቱንም ከውስጥ በእጄ ዳበስኩት። ደረቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ልጄን የጠራሁት።

ውድ አንባቢያን፣ ጀልባ የምንሠራው ጥቂቶች ነን። ሰው የሚሳፈርበትን ነገር የማይሠራ ግን ማን አለ? ግንበኛው ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ መካኒኩ ፍሬን ሲያስር፣ ነርሷ መርፌ ስትሞላ፣ መምህሩ ያልተዘጋጀበትን ትምህርት ሲያስተምር፣ እያንዳንዳቸው ቀለም ከተቀባ በኋላ የማይታይ ስፌት በእጃቸው አለ። አላህ ያወቅነውን ጉድለት ከመሸፈን ይጠብቀን፤ ያላወቅነውንም በእዝነቱ ይሸፍንልን። በባሕር ላይ ላለቁት ወገኖቻችን ምሕረቱን ይለግስ። አሚን። ወላሁ አዕለም።